የትኛው ፎቶን? ከፕሮቶን ግጭት የሚወጣውን ብርሃን የመለካት ግማሽ ምዕተ ዓመት

ሁለት ፕሮቶኖች የብርሃንን ፍጥነት ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ፊት ለፊት ቢላተሙ በርካታ ቅንጣቶች ወደየአቅጣጫው ይረጫሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ ፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች ናቸው። ይህ ግን ዓይን የሚያየው ብርሃን አይደለም። በጄኔቫ አቅራቢያ ከመሬት በታች በተዘረጋው ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር፣ በአጭሩ ኤልኤችሲ፣ የሚለካ አንድ ፎቶን በዓይን ከሚታይ ብርሃን ፎቶን መቶ ቢሊዮን እጥፍ ኃይል ሊይዝ ይችላል።

በአንድ ዓይነት ግጭት ስንት ፎቶን ይፈጠራል? ጥያቄው ለጠያቂው ቀላል ነው፤ መላሹን ግን ሃምሳ ዓመት ገደማ አሠርቶታል። ያከበደው የፎቶን ማነስ አይደለም፤ ፎቶን ሞልቷል። ችግሩ የብዙዎቹ ፎቶኖች ምንጭ ከግጭቱ በኋላ የሚፈርሱ ሌሎች ቅንጣቶች መሆናቸው ነው። ስለ ግጭቱ እምብርት የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ከብዙኃኑ ጋር ተደባልቀው ይመጣሉ። ስለዚህ ከ‘ስንት’ በፊት ‘የትኛው’ የሚለው መመለስ አለበት።

ይህ ዳሰሳ ከ1970ዎቹ እስከ ዛሬ የተሠራውን ሲመለከት የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው። የፎቶን ልኬት ተአማኒነት ያገኘው በማሽኖቹ ግዝፈት ብቻ አይደለም። ሙከራ የሚያካሂዱትና ስሌት የሚሠሩት ‘ፎቶን ብለን የምንቆጥረው ይህንን ነው’ ብለው ሲስማሙ፣ የተጣሉ ቁጥሮች መታረቅ ጀመሩ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎቶን ለምን ተፈለገ?

ፕሮቶን ድፍን ነገር አይደለም። በውስጡ ኳርኮች፣ እነሱንም አጣብቀው የያዙ ግሉዮኖች አሉ። ብርቱ ግጭት የሚባለው ከአንዱ ፕሮቶን አንድ፣ ከሌላው ፕሮቶን አንድ ቅንጣት ተገናኝተው ሲላተሙ ነው። ከዚያ የሚወጣ ኳርክ ወይም ግሉዮን ብቻውን መኖር ስለማይችል መንገድ ላይ ወደ ብዙ ቅንጣቶች ይባዛል፤ መመርመሪያው ላይ የሚደርሰውም ጄት የሚባል የቅንጣቶች እሩምታ ሆኖ ነው። ከእሩምታው ተነስቶ የመጀመሪያውን ኳርክ ኃይልና አቅጣጫ መገመት ይቻላል፤ ግምት ግን ግምት ነው።

ፎቶን ኳርኮችን ለሚያስተሳስረው ጠንካራ ኃይል አይገዛም። ከግጭቱ እምብርት እንደተፈጠረ ኃይሉንና አቅጣጫውን ይዞ ይወጣል። ለዚህ ነው ቀጥተኛ ፎቶን የሚባለው፣ ከብርቱው ግጭት በቀጥታ የሚወጣው፣ ገና ከጅምሩ የተመራማሪዎችን ቀልብ የሳበው።

ቀጥተኛ ፎቶን በዋናነት በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው ከአንዱ ፕሮቶን የመጣ ግሉዮን ከሌላው የመጣን ኳርክ ሲገጥምና ኳርኩ ፎቶን ሲያወጣ ነው። ሁለተኛው ኳርክና ፀረ ኳርክ ተጠፋፍተው በቦታቸው ግሉዮንና ፎቶን ሲተኩ ነው። ፕሮቶን ከፕሮቶን ሲጋጭ ፀረ ኳርክ ብርቅ ስለሆነ የመጀመሪያው መንገድ ያመዝናል። የፎቶኑ ብዛት ከግሉዮን ብዛት ጋር የተሳሰረውም በዚህ ምክንያት ነው። ግሉዮን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሌለው በኤሌክትሮን ጨረር ፕሮቶንን መርምሮ እሱን በቀጥታ ማየት አይቻልም፤ የሚታወቀው በተዘዋዋሪ ነው። ፎቶን ቆጥሮ ግሉዮንን መመዘን የሚለው ሐሳብ የዚህን መስክ ግማሽ ታሪክ ነድቶታል።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ጣጣውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ከግጭቱ የወጣ ኳርክ ወደ ጄት እየተበተነ ሳለ ራሱ ፎቶን ሊያፈልቅ ይችላል። ይህ ፎቶን አስመሳይ አይባልም፣ ከቅንጣት መፍረስ አልመጣምና፤ ከግጭቱ እምብርት ወጣ ለማለትም ያስቸግራል፣ በጄት መሀል ተወልዷልና። ከዋናዎቹ ጋር ይቆጠር ወይስ ይጣል? ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ ሙከራ የየራሱን መልስ ይሰጥ ነበር።

አስመሳዮቹ

ከሁሉ የሚያስቸግረው ገለልተኛ ፓዮን ነው። ክብደቱ 135 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሆነ፣ በማንኛውም የፕሮቶን ግጭት በገፍ የሚፈጠር ቅንጣት ነው። በተፈጠረ ቅጽበት ይፈርሳል፤ 98.8 በመቶ ያህሉም ሁለት ፎቶን ሆኖ ነው የሚፈርሰው። ኤታ የሚባለው ሌላ ቅንጣት ደግሞ ከመቶ 39 ያህሉ እንዲሁ ወደ ሁለት ፎቶን ይለወጣል። ፓዮኑ ብዙ ኃይል ሲኖረው ሁለቱ ፎቶኖች ተጠጋግተው ስለሚጓዙ መመርመሪያው አንድ ፎቶን አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል።

የቁጥር ልዩነቱን ማሰብ ያስፈልጋል። በተመሳሳይ ኃይል ከቀጥተኛ ፎቶን ይልቅ ጄት በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበዛል። ከጄቶቹ ጥቂቶቹ ብቻ እንኳ ኃይላቸውን በሙሉ ለአንድ ፓዮን ቢያስረክቡ፣ አስመሳዩ እውነተኛውን ሊውጠው ይችላል። ስንዴው ከእንክርዳዱ ባነሰበት አውድማ ላይ ነው ቆጠራው የሚካሄደው።

ከአይኤስአር እስከ ቴቫትሮን

የመጀመሪያው የፕሮቶን ማጋጫ አይኤስአር ይባል ነበር፤ በሰርን የምርምር ማዕከል በጥር 1971 ሥራ የጀመረ፣ የግጭት ኃይሉም 62 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ በአጭሩ ጂኢቪ፣ ገደማ የደረሰ ማሽን ነው። ተመራማሪዎች ከጨረሩ መስመር ወደ ጎን ብዙ ኃይል ይዘው የሚወጡ ቅንጣቶችን ሲያዩ ፕሮቶን ውስጡ ጠጣር ፍሬ እንዳለው ተረዱ። ወደ ጎን የሚሄደው ኃይል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚህ መስክ ዋና መለኪያ ነው፤ ከግጭቱ በፊት ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ፣ ወደ ጎን የወጣው ሁሉ ግጭቱ የፈጠረው ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በአይኤስአር ላይ የነበሩ ሙከራዎች ከፓዮንና ከኤታ መፍረስ ሊመጣ ከሚችለው በላይ ፎቶን እንዳለ አረጋገጡ። የፎቶን ከፓዮን ጋር ያለው ንጽጽርም ወደ ጎን ያለው ኃይል ሲያድግ አብሮ አደገ። ቲዎሪው የጠበቀውም ይህንኑ ስለነበር ግኝቱ ለአዲሱ የኳርክና የግሉዮን ንድፈ ሐሳብ፣ ለኳንተም ክሮሞዳይናሚክስ፣ አንድ ድጋፍ ሆነ።

በ1980ዎቹ የሰርን ማሽን ፕሮቶንን ከፀረ ፕሮቶን ጋር በ546ና በ630 ጂኢቪ ማጋጨት ሲጀምር፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ኢሊኖይ የሚገኘው የፌርሚላብ ቴቫትሮን 1.8፣ በኋላም 1.96 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም ቲኢቪ፣ ሲደርስ አዲስ ሁኔታ ተፈጠረ። ጄቶቹ እየበዙና እየጠነከሩ ስለሄዱ፣ በፎቶኑ ዙሪያ ሌላ ቅንጣት አለመኖሩን ሳያዩ መቁጠር የማይሞከር ሆነ። መነጠል የሚባለው መስፈርት በዚህ መንገድ ወደ ልኬቱ ገባ፦ ከፎቶኑ ዙሪያ ምናባዊ ሾጣጣ ይሠመርና በውስጡ ያለው የሌላ ቅንጣት ኃይል ከተወሰነ መጠን ካለፈ ፎቶኑ ይጣላል። መጀመሪያ የገባው አስመሳይን ለማስወገድ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የሚለካውን ነገር ራሱን የሚበይን ሆነ።

የተጣሉ ቁጥሮች

የመስኩ ትልቁ ሙግት የተነሳው ከማጋጫዎቹ ውጭ፣ ጨረርን በቆመ ኢላማ ላይ ከሚተኩሱ ሙከራዎች ነው። ኢ706 የተባለው የፌርሚላብ ሙከራ የ530ና የ800 ጂኢቪ ፕሮቶኖችን፣ እንዲሁም የ515 ጂኢቪ ፓዮኖችን እንደ ቤሪሊየም ባሉ ኢላማዎች ላይ እየተኮሰ ፎቶኖችን ቆጠረ። ውጤቱ በጊዜው ከነበረው ስሌት እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኘ።

የቀረበው ማብራሪያ እንዲህ የሚል ነበር፦ ኳርኮቹና ግሉዮኖቹ ከመጋጨታቸው በፊት ግሉዮን ስለሚረጩ ወደ ጎን ትንሽ ይገፋሉ፤ ግፊያው ሲታከል ፎቶኑ ከሚገባው በላይ ኃይል ያለው ይመስላል። መጠኑ ከ1 ጂኢቪ ጥቂት ከፍ ቢል ልዩነቱን ይሞላል። ሐሳቡ ፊዚክሳዊ መሠረት ቢኖረውም የግፊያው መጠን ከቲዎሪው የተገኘ አልነበረም፤ ከመረጃው ጋር እንዲገጥም የተመረጠ ነበር። በሰርን የነበረው ደብልዩኤ70 ደግሞ በቀረበ ኃይል ያን የመሰለ ጭማሪ አላስፈለገውም። ሁለት ሙከራዎች ሲጣሉ ማን ልክ እንደሆነ ለመፍረድ የሚያበቃ ሦስተኛ ወገን አልነበረም።

ውጤቱ ከባድ ነበር። በፕሮቶን ውስጥ ኳርክና ግሉዮን እንዴት እንደተከፋፈሉ ከዓለም ዙሪያ መረጃ አሰባስበው የሚያሰሉት ቡድኖች በ2000 አካባቢ የፎቶን መረጃን ከስሌታቸው አወጡና ስለ ግሉዮን የጄት መረጃን ማመን መረጡ። ግሉዮንን ይመዝናል የተባለው ምስክር ከችሎት ተሰናበተ።

ነገሩን ያበረደው በ2006 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ነው። ፓትሪክ ኦራንሽና ባልደረቦቹ ጄትፎክስ በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከቆመ ኢላማ ሙከራዎች እስከ ቴቫትሮን ያሉትን ልኬቶች በአንድ ስሌት ሲያስተያዩ፣ ከኢ706 በስተቀር ሁሉም በአጥጋቢ ሁኔታ ገጠሙ። ጥናቱ ኢ706 የት ላይ እንደተለየ አልፈታም፤ ሙሉ መስኩን በአንድ ሙከራ ምክንያት መጣል ተገቢ እንዳልነበር ግን አሳየ።

ሚሊሜትር የምትወስነው ጉዳይ

ኤልኤችሲ በ2010 በ7 ቲኢቪ ማጋጨት ሲጀምር አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት ሁለቱ ግዙፍ መመርመሪያዎች ፎቶንን ቀድመው ከለኳቸው ነገሮች መካከል አደረጉት። ሁለቱም ሥራውን የሚጀምሩት ካሎሪሜትር በሚባል ክፍል ነው። ፎቶኑ እዚያ ገብቶ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን እየተባዛ ኃይሉን ሁሉ ያፈሳል። አሠራራቸው ግን ይለያያል።

አትላስ የመረጠው በአኮርዲዮን ቅርጽ የታጠፉ የእርሳስ ሰሌዳዎችን በፈሳሽ አርጎን ውስጥ መዘፍዘፍን ነው፤ አርጎኑ ከዜሮ በታች 184 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀዘቅዛል። የመጀመሪያው ንብርብር በቀጫጭን ቁራጮች የተከፋፈለ ሲሆን፣ የአንዱ ስፋት በመሀለኛው ክፍል 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። 50 ጂኢቪ ያለው ፓዮን ሲፈርስ ሁለቱ ፎቶኖች ከግጭቱ ቦታ 1.5 ሜትር ርቀው ካሎሪሜትሩ ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ያህል ይኖራል። ቁራጩ 5 ሚሊሜትር ከሆነ በሁለቱ መሀል ያለው ሸለቆ ይታያል፤ የእውነተኛው ፎቶን ኃይል ደግሞ አንድ ጉልላት ብቻ አለው። ፓዮኑ 200 ጂኢቪ ሲሆን ግን ክፍተቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ስለሚጠብ ቁራጮቹም ሊለዩት አይችሉም።

ሲኤምኤስ 75,848 የእርሳስ ታንግስቴት ክሪስታሎችን በ3.8 ቴስላ ማግኔት ውስጥ ደርድሯል። በመሀለኛው ክፍል የአንዱ ክሪስታል ፊት 2.2 ሴንቲሜትር በ2.2 ሴንቲሜትር ነው። ኃይልን በመለካት ረገድ እጅግ ትክክል ነው፤ 8 ሚሊሜትር የሚራራቁ ሁለት ፎቶኖች ግን አንድ ክሪስታል ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ሲኤምኤስ ኃይሉ በክሪስታሎቹ መካከል የተሠራጨበትን ስፋት አይቶ በብዛት ደረጃ ይለያል፤ ይህ ፎቶን እውነተኛ ነው፣ ያኛው አይደለም ብሎ አንድ በአንድ አይፈርድም።

አሊስ የተባለው ሌላው የኤልኤችሲ ሙከራ የራሱ ዘዴ አለው። ፎቶኑ በመመርመሪያው ቁስ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ከተለወጠ፣ የሁለቱን ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ዱካ ተከትሎ ፎቶኑን መልሶ ይገነባል። ከአሥር ፎቶን አንዱ እንኳ የማይለወጥ ቢሆንም፣ የተለወጠው በጣም ጥርት ብሎ ይለካል። በዝቅተኛ ኃይል፣ ካሎሪሜትር በሚደክምበት ቦታ፣ ዘዴው ጠቃሚ ነው።

ከፍ ባለ ኃይል ቁራጮቹ ካልለዩ ልኬቱ ለምን አይበላሽም? መልሱ በተፈጥሮ ውስጥ አለ። አንድ ጄት ኃይሉን ሁሉ ለአንድ ፓዮን የሚያስረክበው አልፎ አልፎ ነው፤ ኃይሉ ሲጨምር የቀጥተኛ ፎቶን ድርሻም ከፍ ይላል። በአትላስ የ8 ቲኢቪ ልኬት በ25 ጂኢቪ አካባቢ ከተመረጡት ‘ፎቶኖች’ እውነተኞቹ ከመቶ 60 ገደማ ሲሆኑ፣ በመቶዎች ጂኢቪ ላይ ንጽሕናው መቶ በመቶ ይጠጋል። አስቸጋሪው ሜዳ ያለው ከታች ነው።

አራቱ ሳጥኖች

የቀረውን አስመሳይ ለመቀነስ አትላስ የሚጠቀምበት ዘዴ ላቅ ያለ ሒሳብ አይጠይቅም። ዕጩዎቹ በሁለት ጥያቄ ይከፋፈላሉ፦ የኃይሉ ቅርጽ ፎቶን ይመስላል ወይ? ዙሪያው ተነጥሏል ወይ? ከሁለቱ መልሶች አራት ሳጥን ይወጣል። ቅርጹም መነጠሉም ያማረለት ሳጥን ውስጥ ፎቶኖቹ አሉ፣ ከጥቂት አስመሳዮች ጋር። ሌሎቹ ሦስት ሳጥኖች በአብዛኛው የአስመሳዮች ናቸው።

ለምሳሌ ያህል፣ በጥሩው ሳጥን 1,000 ዕጩ አለ እንበል። ቅርጹ ጥሩ ሆኖ ባልተነጠለው 200፣ ቅርጹ ባያምርም በተነጠለው 300፣ ሁለቱንም ባላሟላው 1,000 ይገኝ። የቅርጽና የመነጠል ጉዳይ በአስመሳዮች ዘንድ እርስ በርስ ካልተያያዘ፣ በጥሩው ሳጥን ያለው አስመሳይ 200 በ300 ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል የሚገኘው 60 ነው። እውነተኞቹ 940 ይሆናሉ። የዘዴው ጉልበት አስመሳዩን ከኮምፒውተር ማስመሰያ ሳይሆን ከራሱ ከመረጃው ማውጣቱ ነው። ድክመቱ ደግሞ ‘ካልተያያዘ’ በሚለው ቃል ውስጥ ነው፤ ሁለቱ ጠባያት ጥቂት እንኳ ከተያያዙ 60 የተባለው 50 ወይም 70 ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ፎቶኖችም ወደ ሌሎቹ ሳጥኖች ስለሚሾልኩ እርማት ያስፈልጋል። በየጥናቱ ከሚሰላው ጥርጣሬ አንዱ ክፍል የሚመጣው ከዚህ ነው።

በከፍተኛ ኃይል ደግሞ ሌላ ነገር ይገዛል፤ የኃይል ልኬቱ ራሱ። የፎቶን ብዛት ከኃይሉ ጋር በጣም በፍጥነት ይወርዳል፤ በኃይሉ አምስተኛ ርቢ መጠን ያህል ቢወርድ፣ በኃይል ላይ የ1 በመቶ ስሕተት በቆጠራው ላይ 5 በመቶ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ካሎሪሜትሩ ክብደቱ በሚገባ በሚታወቀው የዜድ ቅንጣት፣ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሲፈርስ፣ ደጋግሞ የሚታረመው።

ሁሉም ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ቁጥሩ ስንት ግጭት ተካሂዶ እንደተገኘ መታወቅ አለበት። ይህም ሉሚኖሲቲ ይባላል። ሁለቱን ጨረሮች አንዱን በሌላው ላይ እያንሸራተቱ የግጭቱን መጠን የመለካት ዘዴ ሳይመን ቫን ደር መር በ1968 ለአይኤስአር ያቀረበው ነው፤ ኤልኤችሲ ዛሬም በዚሁ ይሠራል።

ስምምነቱ

መነጠልን ‘በዙሪያው ምንም አይኑር’ ብሎ ማጥበቅ የሚሻል ይመስላል። የንድፈ ሐሳብ ባለሙያዎች ግን ይህን አይቀበሉም። ደካማ ግሉዮኖች በየትኛውም አቅጣጫ ይረጫሉ፤ በሾጣጣው ውስጥ ፈጽሞ እንዳይኖሩ ከተከለከሉ፣ በስሌቱ ውስጥ እርስ በርስ መጠፋፋት የነበረባቸው ወሰን የለሽ ቁጥሮች ሳይጠፋፉ ይቀራሉ፤ መልሱም ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ጥቂት ኃይል መፈቀድ አለበት። አትላስ በ8ና በ13 ቲኢቪ የተጠቀመበት ወሰን 4.8 ጂኢቪ ሲሆን፣ በላዩ የፎቶኑ ኃይል አንድ ሺህኛ 4.2 እጥፍ ይታከልበታል፤ የሾጣጣው ስፋትም 0.4 ነው።

በ1998 ስቴፋኖ ፍሪክሲዮኔ ሌላ መንገድ አቀረበ፦ የሚፈቀደው ኃይል ወደ ፎቶኑ በተጠጋ ቁጥር እያነሰ፣ ፎቶኑ ላይ ሲደርስ ዜሮ ይሁን። በዚህ ብልሃት ደካማ ግሉዮኖች ይፈቀዳሉ፣ በጄት መሀል የሚወለደው ሦስተኛው ዓይነት ፎቶን ግን ከስሌቱ ይወጣል። ለስሌት ትልቅ እፎይታ ነበር። መመርመሪያ ግን የክሪስታሉና የቁራጩ ስፋት ስላለው ይህን ቀስ በቀስ የሚያንስ ወሰን እንደተጻፈው ሊተገብረው አይችልም። ስለዚህ ሙከራው በቋሚ ሾጣጣ ይለካል፣ ስሌቱ በፍሪክሲዮኔ ይሠራል ወይም ሁለቱን ያዳቅላል፣ ልዩነቱም በጥቂት በመቶ ይገመታል።

ይህ ጉዳይ የቴክኒክ ብቻ አለመሆኑን በ2023 የወጣ የአትላስ ልኬት ያሳያል። በ13 ቲኢቪ የተሰበሰበውን መረጃ ይዞ አንዱን ፎቶን በ0.2ና በ0.4 ስፋት ባላቸው ሁለት ሾጣጣዎች ለክቶ ውጤቶቹን አነጻጸረ። ድሮ በልኬቱ ግርጌ የሚሰፍረው መስፈርት ራሱ የልኬቱ ርእስ ሆነ ማለት ነው።

ስሌቱና መረጃው ሲገናኙ

የስሌቱ ጥራት በደረጃ ይገለጻል። እስከ 2016 ድረስ የተሟላው ስሌት ሁለተኛው ደረጃ ሲሆን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ጥርጣሬ ነበረው። አትላስ በ2017 ያወጣው የ13 ቲኢቪ ልኬት ይህን አጉልቶ አሳየ። ወደ ጎን ከ125 ጂኢቪ በላይ ለሆኑ የተነጠሉ ፎቶኖች የተለካው መጠን 399 ፒኮባርን ነው፤ የጄትፎክስ ስሌት የሰጠው ደግሞ 352፣ ወደ ላይ 36 ወደ ታች 29 ጥርጣሬ ያለው። ባርን የግጭትን ዕድል የሚለካ መስፈሪያ ነው። በዚያው ኃይል ፕሮቶኖች ተላትመው የሚሰባበሩበት መጠን 80 ሚሊባርን ገደማ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ፎቶን ከ200 ሚሊዮን ግጭት አንዴ ያህል ይገኛል ማለት ነው። ልኬቱ ከስሌቱ በልጦ ታየ፤ የስሌቱ ጥርጣሬ ግን ከሙከራው ጥርጣሬ ይበልጥ ስለነበር ልዩነቱን መፍረድ አልተቻለም።

ጆን ካምቤል፣ ኪት ኤሊስና ሲያራን ዊሊያምስ በዚያው ሰሞን ስሌቱን ወደ ሦስተኛው ደረጃ አደረሱ። በ2019 ሌላ ቡድን በተለየ ዘዴ ደገመው። ጥርጣሬው ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ፤ ከመረጃው ጋር ያለው ስምምነትም ተሻሻለ። ቀደም ሲል የ8 ቲኢቪ ልኬት ከ25 እስከ 1,500 ጂኢቪ ድረስ፣ መጠኑ አሥር ቢሊዮን እጥፍ ሲወርድ፣ ከስሌት ጋር አብሮ መውረዱ ታይቷል። አንዱን ስሌት በዚህ ስፋት መፈተን በፊዚክስ የተለመደ አይደለም።

ፎቶን ወደ ግሉዮን ችሎት የተመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። በ2012 ዴቪድ ዴንተሪያና ኽዋን ሮሆ ከ200 ጂኢቪ እስከ 7 ቲኢቪ ያሉ የማጋጫ ልኬቶች የግሉዮንን ድርሻ እንደሚያጠብቡ አሳይተው ነበር። በ2021 የወጣው ኤንኤንፒዲኤፍ 4.0 የተባለው የፕሮቶን ይዘት ስሌት የፎቶን መረጃን አካቷል። ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ግሉዮንን ብቻውን የሚወስነው ፎቶን አይደለም። ዋናው ነገር ከጄትና ከሌሎች መረጃዎች ጋር አለመጋጨቱ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተጣለበት ምክንያት ተነስቷልና።

ከግሉዮን ባሻገር

በ2012 ሂግስ የተባለው ቅንጣት ከታየባቸው ዋና በሮች አንዱ ወደ ሁለት ፎቶን የሚፈርስበት መንገድ ነው፤ ድርሻው የአንድ በመቶ ሩብ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ ከበስተጀርባው የሚቆመው ቀጥተኛ የፎቶን ጥንድ ነው። በታኅሣሥ 2015 ሁለቱ ሙከራዎች በ750 ጂኢቪ አካባቢ የፎቶን ጥንድ ብዛት ከፍ ብሎ ሲያሳዩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፎች ጎረፉ። በነሐሴ 2016 ተጨማሪ መረጃ ሲመጣ ጉብታው ጠፋ። የጠፋውም ከመነሻው የአጋጣሚ መዋዠቅ ስለነበረ ነው፤ በሥሩ ያለው ተራ የፎቶን ጥንድ ልኬት ስሕተት አልነበረበትም።

ፎቶን የጄትን ኃይል ማረሚያም ነው፤ ፎቶኑ ወደ አንድ ወገን፣ ጄቱ ወደ ተቃራኒው ሲሄዱ የአንዱ ኃይል የሌላውን ይመዝናል። ጨለማ ቁስን የሚፈልጉ ጥናቶች ደግሞ ወደማይታዩ ኒውትሪኖዎች የሚፈርሰውን ዜድ መጠን ለመገመት ፎቶንን እንደ ምትክ ይጠቀማሉ።

በኒውዮርክ ብሩክሄቨን የሚገኘው ሪክ የተባለ ማጋጫ በፎቶን ሁለት ጥያቄ መልሷል። የፌኒክስ ሙከራ በ2010 በወርቅ ኒውክሊየሶች ግጭት ከጋለው ቁስ የሚወጣ ተጨማሪ ፎቶን ለይቶ ሙቀቱን የገመተው፣ የፕሮቶን ግጭትን መነሻ አድርጎ ነው። በኋላም በ510 ጂኢቪ ሽክርክራቸው አቅጣጫ የያዙ ፕሮቶኖችን አጋጭቶ፣ የግሉዮን ሽክርክር ከፕሮቶኑ ጋር ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብል ከፎቶን ማስረጃ አቀረበ።

እዚህ እንደ አስመሳይ የሚጣለው የፓዮን ፎቶን በሌላ ቦታ ዋናው ዜና ነው። ከአትላስ 140 ሜትር ርቆ የተተከለው ትንሹ ኤልኤችሲኤፍ በጨረሩ አቅጣጫ የሚወጡትን እነዚህን ፎቶኖች ሆን ብሎ ይለካል፤ ከህዋ የሚመጡ ፕሮቶኖች በከባቢ አየር ላይ የሚያስነሱትን የቅንጣት ዝናብ ለማስላት ያገለግላሉ። ፌርሚ የተባለው የህዋ ቴሌስኮፕም በ2013 በሁለት የፈነዱ ኮከቦች ቅሪት የፓዮን መፍረስ ምልክት ማየቱ ቅሪቶቹ ፕሮቶን እንደሚያፋጥኑ ማስረጃ ሆኗል።

ያልተዘጋው

ሦስት ነገር ይቀራል። ከ25 ጂኢቪ በታች አስመሳዩ ከእውነተኛው ጋር ስለሚፎካከር ልኬቶቹ ገና ሰፊ ጥርጣሬ አላቸው፤ አሊስ እየሠራበት ያለው ሜዳ ይህ ነው። ሁለተኛ፣ በጄት መሀል የሚወለደውን ፎቶን ለማስላት የሚያስፈልገው መረጃ በአብዛኛው በ1990ዎቹ ከነበረው ሌፕ ማሽን ላይ የተመሠረተ ነው። ሦስተኛው መጨናነቅ ነው። በኤልኤችሲ ሁለተኛ ዙር በአንድ ጊዜ በአማካይ 34 ያህል ግጭት ይካሄድ ነበር፤ በተሻሻለው ማሽን 200 ሊደርስ ይችላል። ፎቶን ዱካ ስለማይተው ከየትኛው ግጭት እንደወጣ በቀጥታ አይታወቅም፤ የሌሎቹ ግጭቶች ፍርፋሪም ወደ ሾጣጣው ገብቶ የመነጠሉን ወሰን ያዛባል። የቅንጣቶችን መድረሻ ሰዓት በሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ደረጃ የሚለኩ አዳዲስ ንብርብሮች የሚሠሩት ለዚህና ለመሰል ችግሮች ነው።

ከግማሽ ምዕተ ዓመቱ ሥራ የሚወሰድ የንባብ ደንብ አለ። የፎቶን ቁጥር ሲቀርብ መጀመሪያ የሾጣጣውን ስፋትና የተፈቀደውን ኃይል መጠየቅ፤ ቀጥሎ አስመሳዩ ከመረጃ ወይስ ከማስመሰያ እንደተቀነሰ ማየት፤ በመጨረሻም ከጎኑ የተቀመጠው ስሌት ያንኑ ፎቶን መቁጠሩን ማረጋገጥ። ኢ706 ከስሌቱ የራቀበት ምክንያት እስካሁን አለመታወቁ እንደሚያስታውሰን፣ ሦስቱም ተሟልተው እንኳ አንድ ቁጥር ብቻውን ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ የሚሻለው ቁጥሩን በተቀራረበ ኃይል፣ በሌላ መሣሪያ፣ በዚያው ብያኔ ደግሞ መለካት ነው፤ በ1990ዎቹ የጎደለው ይህ ነበር፣ አትላስና ሲኤምኤስ አንድ ዓይነት ግጭትን በሁለት ዓይነት መመርመሪያ እየለኩ ዛሬ የሞሉትም ይህንኑ ነው።